«በሞትህ?» ያለኝ ሰውዬ

ጉለሌ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሰምሀል፤ ማስካት።

ባሕር ተሻግሮ፣ የሆቴልሽን ጓዳ በር አንኳኩቶ የሚገባ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ሰንብተሻል? የዚያ አገር ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን ከጆሮዬ በቀር ሙሉ ጤና ነኝ። የጎሚስታ ቤቴ ኮምፕሬሰር ዕድሜ ልኬን ሲጮህብኝ ኖሮ በመጨረሻ ጆሮዬን ይዞት ሄደ። በስልክ አንቺ «ደህና ነዎት?» ስትይ እኔ «ዳቦ ቤት» እየሰማሁ ከምንጨቃጨቅ ደብዳቤ ይሻለናል። እኔ በወረቀት እጽፋለሁ፤ ጎረቤቴ ቤዛብሕ ፋርማሲውን ከመክፈቱ በፊት ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። ያንቺን ደግሞ ፊደሉን አተልቄ ከስልኬ አነበዋለሁ።

ስትመለሺ እዚህ ሰፈር ምግብ ቤት ልትከፍቺ ስላሰብሽ፣ ያሉትን እየዞርኩ በልቼ የታየኝን ሳልደብቅ እንድጽፍልሽ ብለሻል። ሥራ ማለት እንዲህ ነው! ሚስት ሳላገባ አረጀሁ እንጂ ወጥ ሳልለይ አላረጀሁም።

መጀመሪያ ጳውሎስ አስፋልቱ ዳር ያለው ባለ መስተዋቱ ቤት ገባሁ። ሜኑው የሠርግ ቤት ነው፤ ጓዳው የለቅሶ ቤት። ቅቅል አልኩ። «አልቋል ፋዘር።» ዱለት? «እሱ ጠዋት ነው ፋዘር።» ታዲያ ምን አለ? «ፓስታ።» ፓስታው መጣ። ሱጎው ውስጥ ስኳር ጨምረዋል፤ ለምን እንደሆነ ፈጣሪ ይወቀው። አስተናጋጁ ዓይኑ ስልኩ ላይ፣ አውራ ጣቱ ሳህኔ ውስጥ። ሙዚቃው ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠው ነበር፤ እዚያ ላይ እንኳ መደንቆሬ ጠቀመኝ።

ሁለተኛው ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት። ከማርያም የሚወርዱ ተሳላሚዎች ናቸው የሚበሉባት። ተጋቢኖው እየተንተከተከ መጣ። አስተናጋጇ ሊሚ ትባላለች፤ እኔ «በቃኝ» ስል እሷ እንጀራ ትደርባለች። «አባባ አልበሉም እኮ! በሞቴ ይቺን ብቻ!» ትላለች ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ። ሆዴ እየሞላ በላሁላት። የምግብ ግማሹ ልመናው ነው ልጄ፤ ይህን ከአሁኑ ያዢልኝ።

የእናትሽ ወንድም፣ አድነው

ማስካት፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018

ለማከብርዎ አጎቴ፣ ለጋሼ አድነው፤

ጤናዎ እንደ ምላስዎ የተሳለ ይሁንልኝ። ደብዳቤዎን እረፍት ሰዓቴ ላይ አንብቤ ብቻዬን ስስቅ የኩሽናው አለቃችን አሽረፍ «አበደች» ብሎኛል። ደህና ነኝ። ከወር በፊት ወጥ ቀማሽ አድርገውኛል፤ ከኔ ምላስ ሳያልፍ አንድ ሳህን ከኩሽና አይወጣም። አሽረፍ «ጨው ያንቺ ኃላፊነት ነው» ይለኛል። ይህን ሥራ እንዳላጣ ይጸልዩልኝ፤ ለምግብ ቤቱ የማጠራቅመው ከዚሁ ነው።

አሁን ደላላው አንድ ቤት አግኝቻለሁ ይላል። ከጳውሎስ ሆስፒታል ጀርባ፣ ወይዘሮ ታየች የሚባሉ ሴት የሚያሠሩት ነው። አስታማሚዎች ስለሚበሉበት ገበያው አይጠፋም አለኝ። ሴትየዋ ግን በርካሽ ሊለቁት ነው። ጋሼ፣ ገበያ ያለው ቤት እንዴት ይለቀቃል? እስቲ ሄደው በልተው ይዩልኝ።

ልጅዎ ሰምሀል

ጉለሌ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2018

ይድረስ ለቀማሿ ሰምሀል፤

ሹመት ያዳብር! እኔ በነፃ የምሠራውን ሥራ አንቺ ደመወዝ ይከፈልሽበታል። እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ቤዛብሕም ሰላም ብሎሻል።

ያልሽው ቤት ያለፈው ረቡዕ በምሳ ሰዓት ሄድኩ። ጠባብ ናት፤ ጠረጴዛው ግን ያበራል። በየዓይነቱ አዘዝኩ። ምን ልበልሽ! ምስሩ ቁሌቱ በሥርዓት የበሰለ፣ ጎመኑ ያልደከመ፣ ሽሮው ላይ ዘይት ያልተንሳፈፈ። እናትሽ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ያለ ሽሮ አልበላሁም። ሳልዋሽ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

መስተንግዶው ግን እንደ ድንጋይ ደረቅ ነው። አስተናጋጇ ትሪውን አስቀምጣ «ይብሉ» ብላ ሄደች። ወይዘሮ ታየችም በየጠረጴዛው እያለፈች «ብሉ» ትላለች፤ በቃ። ማንም ማንንም አይለምንም። «እዚህ ቤት በሞቴ አይባልም እንዴ?» ብላት ፊቷ ጠቆረ። «ዝም ብለው ይብሉ» ያለችኝ መሰለኝ፤ ከንፈሯን ነው ያየሁት።

እኔ ደግሞ ለብቻዬ መብላት አይሆንልኝም። ማዕዘኑ ላይ ቡናማ ኮት የለበሰ ሰውዬ ነበር። ምንም አላዘዘም፤ በመስኮቱ ወደ ሆስፒታሉ በር እያየ ይቀመጣል። አስታማሚ ነው ብዬ አዘንኩለት። «እንብላ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ይህ ወጉ ነው፤ ጨዋ ሰው በመጀመሪያው ጥሪ አይመጣም። «ኧረ ይቅመሱ!» ዓይኑን ከመስኮቱ አልነቀለም። «በሞቴ!» አልኩት።

ያኔ ዞሮ አየኝ። «በሞትህ?» አለኝ።

ሰው እንዲህ ብሎ ይጠይቃል? ሳቄ መጣ። «አዎ፣ በሞቴ!» አልኩት። መጥቶ ተቀመጠ። የገረመኝ ይህ ነው፦ ሊሚ ስትጮህልኝ ከስንት አንዱን የምሰማው ሰው፣ የሱን ቃል ጥርት አድርጌ ሰማሁት። ድምፁ ከጆሮዬ ውስጥ የወጣ ነበር የሚመስለው። አንቱታም አያውቅም። አንገቱን ደፍቶ ትሪውን ጠረገው፤ እኔ የቀመስኩት ከሱ የተረፈውን ነው።

አስተናጋጇ ባዶውን ትሪ ስታይ እጇን በሽርጧ ጠቅልላ አነሳችው። ቤቱ ለምን እንደሚለቀቅ ሳልጠይቅ ወጣሁ።

አጎትሽ አድነው

ማስካት፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018

ለጋሼ አድነው፤ የእመቤቴ ጥላ ከርስዎ አይራቅ።

በደረቀ መስተንግዶ መሐል እርስዎ ጋባዥ ሆነው አረፉት! እናቴ «ወንድሜ ለብቻው ከሚበላ ጾሙን ቢያድር ይመርጣል» ትል የነበረው እውነት ነው። ግን ጋሼ፣ ሰውየው የሚገርም ነው። አመሰገነ? ስሙንስ ነገረዎት? ለደላላው መልስ መስጠት አለብኝና የኩሽናውን ስፋት፣ ውኃው የሚመጣበትን ቀን፣ ሴትየዋ የሚለቁበትንም ምክንያት ይጠይቁልኝ። የሽሮውን ነገር ሳነብ እኔም ራበኝ።

ሰምሀል

ጉለሌ፣ ኅዳር 3 ቀን 2018

ለሰምሀል፤

እንደምን ነሽ። መልሴ ዘገየ፤ እጄን ትንሽ ይደክመኛል።

ኩሽናውን አላየሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ እንግዳችን ይከተለኛል፤ ወይም እኔ ወደሚቀመጥበት እሄዳለሁ፤ አልለየሁትም። ባለ መስተዋቱ ቤት ተቀምጬ ዞር ስል ከፊቴ ነው። ወደ እንጦጦ መንገድ ብወጣም ቀድሞኝ ይገኛል። አይናገርም፤ ይበላል። ስሙን ብጠይቀው ትሪውን ያያል። እኔም አንዴ ጋብዤዋለሁና ከገበታ ላይ ተነሳ ማለት ነውር ሆነብኝ።

ሊሚ ሳልነግራት ሁለት ብርጭቆ አመጣች። «ይሄኛው የማን ነው?» አልኳት። ብርጭቆውን አየች፣ ወንበሩን አየች። «እኔ እንጃ አባባ፤ እጄ አመጣው» አለችኝ። ባለ መስተዋቱ ቤት ያ ባለ ስልክ ልጅም ሁለት ሹካ አስቀመጠ። ቀና ብሎም አላየን።

ስለ ምግቡ ልጽፍልሽ ነበር። ጨው የሚባል ነገር ከጉለሌ ጠፍቷል። ለሊሚ ተጋቢኖው ጨው የለውም ብያት ቀምሳ ምላሷን ያዘች፤ «ኧረ አንገበገበኝ!» አለች። ለኔ ግን ጭቃ ነው። በርበሬውም ቀይ ጭቃ ነው። ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቻለሁ። ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም፤ በልተናል፣ ደህና ነን።

አድነው

ማስካት፣ ኅዳር 5 ቀን 2018

ጋሼ፣ እንደምን ነዎት? «ነን» ያሉት እነማን ናችሁ?

ቤዛብሕ ፎቶዎቹን ሲልክ ከሥር ጽፎልኛል። «በየቀኑ ምግብ ቤት ይሄዳሉ፤ ትሪው ባዶ ሆኖ ይነሳል፤ ጋሼ ግን እየመነመኑ ነው። ከባዶ ወንበር ጋር ሲያወሩ አይቻለሁ» ይላል። ደምዎንም አስመርምሮ ነበር አሉ፣ ምንም አልተገኘም። ለምን ደበቁኝ?

የቤቱን ነገር ይተዉት። ወይዘሮ ታየች ዘንድ ሄደው ያ ሰውዬ ማን እንደሆነ ብቻ ይጠይቁ። ስለ ፈጣሪ ቶሎ ይጻፉልኝ፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ሰምሀል

ጉለሌ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018

ለልጄ ለሰምሀል፤

ፈርቻለሁ። ሳልሸፋፍን ልንገርሽ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ወይዘሮ ታየች ስታየኝ «ምነው ያን ቃል አሉት!» ብላ ደረቷን መታች። ጎኔ ተቀምጣ ጆሮዬ ላይ እየጮኸች ነገረችኝ። ያ ሰውዬ የሚያስታምመው ሰው ነበረው። በሽተኛው ከሆስፒታሉ ሳይወጣለት ቀረ፤ እሱም እህል ሳይቀምስ እዚያው ማዕዘን ወንበር ላይ ተቀምጦ ነፍሱ ወጣች። ከዚያ በኋላ ለአንዳንድ ሰው ይታያል። «እንብላ» ቢሉት አይመጣም። በሞቴ ሲሉት ግን ቃሉን እንዳለ ይወስደዋል። ባሏ አንድ ቀን ሳያውቅ በሞቴ አለው። «ባሌ በቀን ሦስቴ እየበላ በረሃብ ሞተ» አለችኝ። ቤቱን የምትለቀውም ለዚህ ነው። ሰው የማይለመንበት ምግብ ቤት እስከ መቼ ይሠራል?

ምን ይሻላል አልኳት። «ሌላ ሰው...» ብላ ጀመረች፤ የቀረውን ጆሮዬ አልያዘውም። ደገመችልኝ፤ ያው ነው። በመሐል ተመጋቢዎች ገቡና ልታስተናግድ ተነሳች። የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ከቤዛብሕ ጋር ሄጄ እሱ ሰምቶ ይጽፍልኛል።

ይህን ስጽፍ ሰውየው ከጠረጴዛው ማዶ ነው። አሁን ቤቴም ይገባል። ዳቦ ቆርሼ ነበር፤ እሱ ጨርሶታል። ልጄ፣ ራበኝ። እንዲህ ርቦኝ አያውቅም።

አድነው

ማስካት፣ ኅዳር 13 ቀን 2018

ጋሼ! ጋሼ! ሰላምታውም ይቅርብኝ።

በሞቴ ከዚያ ሰውዬ ጋር ገበታ አይቅረቡ! በሞቴ ለብቻዎ ይብሉ! ነውር ነው ብለው አይተዉት፤ ተነስ ይበሉት፣ በሩን ይዝጉበት። እናቴን ሳልቀብራት ነው የቀረችብኝ፤ እርስዎንም በስልክ ልረዳ ነው? ከርስዎ ሌላ ማን አለኝ? አፈር ስሆን፣ በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ እንኳ አይስጡት!

ሰምሀል

ጉለሌ፣ ኅዳር 19 ቀን 2018

ይድረስ ለመድኃኒቴ፣ ለእህቴ ልጅ፣ ለሰምሀል፤

እልል በይ! ሰላምታዬ ዛሬ እስክስታ እየወረደ ነው የሚመጣው። ሄደልኝ!

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ሊሚ ቤት ምሳ ላይ ነበርን። ታውቂያለሽ፣ ደንቆሮ ሲያነብ ለሰፈር ነው የሚያነበው። «በሞቴ» ያልሽው ላይ ስደርስ ሰውየው እጁ ትሪው ላይ ቀረ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ የመጀመሪያ ቀን በኋላ ዓይኑን ያየሁት ያኔ ነው።

«በሞቷ?» አለኝ።

«አዎ በሞቷ! የእህቴ ልጅ ናት፤ ነፍሷን ትሰጠኛለች!» አልኩት በኩራት።

«የት ናት?»

«ማስካት ናት፤ የትልቅ ሆቴል ቀማሽ ናት፤ ምን መሰለችህ!» አልኩት። ተነሳ። ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ታጠበ፣ ኮቱን ቆለፈና በሩን ከፍቶ ወጣ። ያንቺ ቃል አሳፈረው መሰለኝ፤ ለካ ይሉኝታ ነበረው።

ከዚያ ትሪው ላይ ካለው ቆርሼ ብጎርስ ጨው! ቃሪያ! ነጭ ሽንኩርት! ጾሙ ገብቷልና ሱፍ ፍትፍት ደገምኩ፤ ተጋቢኖ ሠለስኩ። ሊሚ እያለቀሰች ትስቅ ነበር። ቅዳሜ ወይዘሮ ታየች ዘንድ ልሄድ የነበረውንም ተውኩት፤ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል? ፊቴ መለስ ብሏል፤ ቤዛብሕ ፎቶዬን አያይዞልሻል። ተባረኪ ልጄ፤ አፍሽ ማር ይፍሰስበት።

ጠግቦ ያደረው አጎትሽ፣ አድነው

ማስካት፣ ኅዳር 28 ቀን 2018

ለጋሼ አድነው፤

ፎቶውን አይቼ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ጉንጭዎ ሞላ ብሏል። መልሴን ስላቆየሁ ይቅርታ፤ ሥራ ላይ ጥሩ አልሆንኩም።

አሽረፍ ተቆጥቶኛል። ሁለት ጊዜ ሾርባ ከእንግዶች ተመለሰ፣ ጨው በዝቶበታል ተብሎ። እኔ ስቀምሰው ውኃ ነው። ጉንፋን ይሆናል ብዬ ደብቄያለሁ፤ እስከ ሳምንት ካልተሻለኝ ግን ከቀማሽነቱ ያወርደኛል። ልብሴም ሰፍቶኛል። እዚህ አገር ሥራው ሰው ያከሳል።

ደግሞ ያገር ሰው መጥቶልኛል፤ ለምን አልነገሩኝም? በሠራተኞች መመገቢያ ከፊቴ መጥቶ ተቀመጠ። በዚህ ሙቀት ቡናማ ኮት ለብሷል፣ ምስኪን። «አጎትሽ ያለሽበትን ነገረኝ» አለኝ። አማርኛ በመስማቴ ደስ ብሎኝ ሳህኔን ወደሱ ገፋሁለት። ልጋብዘው አፌን ስከፍት «ጋብዘሽኛል» አለኝ።

ምን ማለቱ ነው ጋሼ?

ሰምሀል

ጉለሌ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2018

ለልጄ ለሰምሀል፤

ደብዳቤሽን እንደጨረስኩ ቤዛብሕን ጎትቼ ወይዘሮ ታየች ዘንድ ሄድኩ፤ የቀረውን እሱ ሰምቶ ጻፈልኝ። «ሌላ ሰው በሞቴ ካለልዎ እርስዎን ይለቃል፤ ወደዚያ ሰው ይሄዳል» ነው ያለችኝ። «እኔ ለባሌ ያንን ቃል ማለት ፈርቼ ዝም አልኩ» ብላ አለቀሰች። አንቺ ግን ሳታውቂው አልሽው፤ ያለሽበትንም የነገርኩት እኔው ነኝ።

ስለዚህ የዛሬውን ምሳ ልጻፍልሽ። በየዓይነቱ አዘዝኩ፤ ሁለት ብርጭቆ አስመጣሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ብዬ ከሽሮው በመጀመሪያ ሦስት ጉርሻ በልቻለሁ፤ ጣት ያስቆረጥማል። ወይዘሮ ታየች ሌሎቹን ተመጋቢዎች አስወጥታ በሩ አጠገብ ቆመች። ወደ ባዶው ወንበር ዞሬ «ና እንብላ፤ በሞቴ» አልኩ።

ብዙ ቆየ። ሽሮው ቀዘቀዘ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ገባ፤ ጫማው ላይ ነጭ አሸዋ ነበር። ከማዕዱ ራስ ቆሞ «በሞትህ?» አለኝ።

«አዎ፣ በሞቴ» አልኩት። «ያን ጊዜ ሳላውቅ ነው፤ አሁን አውቄ ነው። ልጅቷን ተዋት። እሷ ገና ምግብ ቤት ትከፍታለች።»

ተቀመጠ። እኔም እንደ ሊሚ እንጀራ ደረብኩለት፤ ጋባዥ ከሆንኩ አይቀር በወጉ ልጋብዘው ብዬ። አራተኛው ጉርሻዬ ጭቃ ነበር። ያኔ ደስ አለኝ ልጄ፤ እውነቴን ነው። አንቺን እንደለቀቀሽ ያወቅሁት በዚያ ነው።

አሁን ስሚኝ። አታልቅሺ፤ ደብዳቤም አትመልሺልኝ። አንቺ ስትደነግጪ ያ ቃል ከአፍሽ እንደሚያመልጥ አውቃለሁ፤ እኔም ሳነበው ሰውየው ይሰማል። ለቤዛብሕ ብቻ ጻፊለት፤ እሱ ራሱን ነቅንቆ ይነግረኛል። የምጠይቅሽም አንድ ነገር ነው፦ ዛሬ ምሳ ምን በላሽ? ጨው ነበረው?

አጎትሽ አድነው